ቁልፎቹ ሁሉ ይሠራሉ

ማክሰኞ ጠዋት፣ የካቲት ፲፩

ድምቡሼ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ሥራውስ? ያ ነጭናጫ አለቃሽ አሁንም ይነጫነጫል?

ይህን ወረቀት ከጎረቤታችን ከነርሷ እጅ ስትቀበዪ መጀመሪያ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ስልክ በየኪሱ በገባበት ዘመን እናትሽ በሰው እጅ ደብዳቤ ላከች! ግን ምን ላድርግ? በስልክ ስናወራ አባትሽ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። የሄደው ድምፁ ነው እንጂ ጆሮውማ እንዳለ ነው፤ ስለ እሱ አንድ ቃል ካነሣሁ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። እሱ ሲተኛ ደግሞ አንቺ ሥራ ላይ ነሽ። ከቤት ወጥቼ እንዳልደውል ብቻውን ትቼው መውጣት ትቻለሁ፤ ለምን እንደተውኩ እያነበብሽ ስትሄጂ ይገባሻል። ላፕቶፑ ላይ እንዳልጽፍልሽ የእኔ ጣት የለመደው መርፌ ነው። ነርሷ ሐሙስ ትበራለች። ፖስታውን በሰማያዊ ክር ሰፍቼ ነው የምሰጣት። ከፍታ አንብባ መልሳ ብትሰፋው እጇን ስለማውቀው አያመልጠኝም ብያታለሁ፤ ስቃ ሞተች።

በደብዳቤ ደንብ መጀመሪያ “እኛ ደህና ነን” ይባላል። እኔ ደህና ነኝ። ግፊቴ ልክ ነው፤ ጉልበቴ ደረጃውን እየተራገመም ቢሆን ይወጣል። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል። ላፕቶፑም ደህና ነው። የምጽፍልሽ እንዲያውም ስለ ላፕቶፑ ነው። እሁድ ዕለት “አዲስ ኮምፒውተር ገዝቼ እልክለታለሁ፣ የዘንድሮ ዕረፍቴን ለከርሞ አሸጋግረዋለሁ” ስላልሽኝ፣ ሳትገዢ ልድረስብሽ ብዬ ነው። እንዳትገዢ ልጄ። አስቀድመሽ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተሉ ስሚኝ።

አባትሽ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ከተደረገና ድምፁ ከቀረ ወዲህ አፉ ያ አንቺ ትተሽለት የሄድሽው ላፕቶፕ ነበር፤ ይህን ታውቂያለሽ። የማታውቂው እንዴት እንደኖርንበት ነው። ጠዋት ከእንቅልፉ ተነሥቶ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ይከፍተዋል። ጣቶቹ ጠብ ጠብ ጠብ ይላሉ፣ ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ ያዞረዋል። “ሾርባው ጨው አንሶታል።” እመልስለታለሁ። “ጨው ተከልክለሃል።” ጠብ ጠብ ጠብ። “የተከለከልኩት እኔ ነኝ፣ ሾርባው አይደለም።” ድምፅ በነበረው ጊዜ እንኳ እንዲህ አላስቸገረኝም! ዕድሜውን ሁሉ ታይፕ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነዋ፤ እኔ ከምናገረው ፈጥኖ ይጽፋል። አንዳንድ ቀን ተኮራርፈን እንኳ ከክፍል ክፍል ላፕቶፑን ተሸክሞ እየተከተለ ነበር የሚጨቃጨቀኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቤታችን ጸጥ ብሎ አያውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ እሁድ ያ የመጀመሪያው የተዘበራረቀ መልእክቱ ደረሰሽ። “እማዬ፣ ድመት ሄደችበት እንዴ?” ብለሽ የሳቅሽው። እኛ ድመት የለንም። እኔ ግን ከዚያ በፊትም አይቼ ነበር። አንድ ቀን ስክሪኑን ሲያዞርልኝ “መስኮ መስኮ ኮኮኮ” ይላል። መስኮቱን ዝጊው ማለቱ መሆኑ ገብቶኝ ዘጋሁት። እሱ ግን አልተዋትም። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና ኪቦርዱን በጣቱ ጠቆመኝ፤ ይሄ ነው፣ ይሄ፣ እንደማለት። አመንኩት። ለምን አላምነው? የዚህ ቤት ባለሙያ እሱ ነው። ቁልፍ ተበላሸ ካለ ተበላሸ ነው ብዬ ለአንቺ ነገርኩሽ።

ከዚያ በኋላማ በስልክ ስታዥኝ ከረምሽ። “እማዬ፣ አጥፍተሽ አብሪው።” አጥፍቼ አበራሁ። “ቻርጀሩን ነቅለሽ ሞክሪ።” ነቀልኩ። “ታች በቀኝ በኩል ያለው የቋንቋ ምልክት ምን ይላል?” መነጽሬን እስካገኝ ስልኩ ተቋረጠ። “እሺ፣ ገልብጠሽ ቀስ ብለሽ አራግፊው።” በረንዳ ላይ ወጥቼ ገልብጬ አራገፍኩት። የወጣውን ጉድ ብታይ! የዳቦ ፍርፋሪ፣ የብስኩት ስባሪ፣ ጸጉር፣ ከዓመት በፊት የጠፋችኝ የስፌት መርፌዬ ሳይቀር። ፍርፋሪውን ሳይ ደስ አለኝ። ደስታው ምን እንደነበር ያኔ አላወቅኩትም፤ አሁን ግን አውቀዋለሁ። የሚወቀስ ነገር አገኘሁ።

በማግስቱ አባትሽ ያለ አንድ ስሕተት “ፀሐይዋ ጥሩ ናት” ብሎ ጻፈልኝ። ተሻለው፣ ማለቴ ተሻለው ላፕቶፑ፣ ብለን ሁለታችንም ተደሰትን። ደውዬ ነግሬሽ አንቺም ጮኽሽ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ያው ሆነ።

ዘይቱን ደግሞ አልነግርሽም ብዬ ነበር፤ ለማንኛውም ይወጣልኝ። አንደኛው ቁልፍ ጠንከር ያለ መስሎኝ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አደረግኩበት። የእኔ መኪና ስትደርቅ የምትድነው በዚያ ነው፤ ላፕቶፕ ከእሷ ምን ይበልጣል ብዬ። አንዲቷ ጠብታ ለስለስ ስታደርገው ጊዜ ለሌሎቹም አዳረስኩ። ይኸው ነው። ተቆጪና ቀጥዪ።

ከዚያ አንቺ ቁልፎቹ እንደሚነቀሉና እንደሚጸዱ ነገርሽኝ። ስፌት በምፈታበት ሹል አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። ጥፍር የምታህል ነገር ናት እኮ! በሞቀ ውሃና በሳሙና አጠብኳቸው። እንዳይጠፋኝ ብዬ ፎጣ ላይ ልክ እንደነበሩ፣ መደዳቸውን ጠብቄ ደረደርኳቸው። እስከዚህ ድረስ ሙሉ ሐኪም ነበርኩ። ጥላው ሲመጣባቸው ፀሐይ ወዳለበት ላስጠጋቸው ብዬ ፎጣውን በሁለት ጫፉ ብድግ ሳደርገው ሁሉም ወደ መሀል ተንሸራተው አንድ ክምር ሆኑ። ቁጭ ብዬ አየኋቸው። አባትሽም ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አየኝ።

በኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን የታይፕ ትምህርት ቤቱን አሮጌ የፊደል ሰንጠረዥ አወረድኩና እሱን እያየሁ መለስኳቸው። ሰንጠረዡ የተሠራው ለጽሕፈት መኪና ነው፤ በላፕቶፑ ላይ ያሉ አንዳንዶቹ እሱ ላይ የሉም። የተረፉትን በግምት፣ ባዶ ባገኘሁበት ሁሉ ሰካኋቸው። “ይቺ የት ናት?” ብዬ አንዷን አንሥቼ አሳየሁት። አያት። እኔንም አየኝ። ፈገግ አለልኝ። ዕድሜ ልኩን ያስተማረውን ፊደል፣ አንዲቱን እንኳ እዚህ ናት ብሎ በጣቱ አላሳየኝም። እኔም ሰልችቶት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሳይሆን ሲቀር ነርሷ ከእሱ ጋር እንድትቆይልኝ ለምኜ ላፕቶፑን ወደ ቶሎ ቶሎ ወሰድኩት። ቶሎ ቶሎን ታስታውሺዋለሽ? አባትሽ ያስተምረው የነበረው፣ ስሕተቱ እንደ ፍጥነቱ የበዛው ቀጭኑ ልጅ። ስሙን ያወጣለት አባትሽ ነው፤ “ቶሎ ቶሎ፣ ወዴት ነው? ባቡር አመለጠህ?” እያለ። አሁን ወፍሮ፣ ራሱ ላይ ጸጉር አልቆ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ሕንፃ ከደረጃው ሥር የኮምፒውተር ጥገና ከፍቷል። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። በመስታወቱ ውስጥ ሆዳቸው የተከፈተ ላፕቶፖች ተደርድረዋል፤ መብራቱን ግንባሩ ላይ አስሮ ብሩሽ በአፉ ነክሶ ነው የሚሠራው። ሲያየኝ ብሩሹን ተፍቶ ተነሣ።

“እትዬ! ጋሼ እንዴት ናቸው?”

“ጋሼህ ደህና ነው። የታመመው ይሄ ነው” አልኩና ላፕቶፑን አቀበልኩት።

ኪቦርዱን ፈትቶ አወጣውና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። “እትዬ፣ ይሄ ነገር… ዘይት ነው?”

“የስፌት መኪና ዘይት ነው። ጥሩውን ነው ያደረግኩበት።”

“እሱማ ጥሩ ነው” አለ፤ ሳቁን ለመያዝ ጉንጩን ነክሶ። “ጥሩ ባይሆን ኖሮ ይሻል ነበር።”

በአልኮልና በጥጥ ቀስ ብሎ ጠረገው፣ አደረቀው፣ መልሶ ገጠመው። ከዚያ በስክሪኑ ላይ የኪቦርድ ሥዕል አወጣ። አንዱን ቁልፍ ሲጫን ሥዕሉ ላይ ያለው ያው ቁልፍ አረንጓዴ ይሆናል። እንደዚያ እያደረገ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። እኔ በትከሻው ላይ አንገቴን አስግጌ አንዱ እንኳ እምቢ ቢል ብዬ እጠብቃለሁ። እየጸለይኩ ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ? አንዱ ቁልፍ ይበላሽ ብዬ! መጨረሻ ላይ ሥዕሉ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ።

“ቁልፎቹ ሁሉ ይሠራሉ” አለኝ። ከዚያ ጎንበስ አለና ግንባሩን ቋጠረ። “ግን እነዚህ… እትዬ፣ ይቺ እኮ ቦታዋ እዚህ አይደለም። ይቺም። ይቺም! ማነው እንዲህ የደባለቃቸው?”

ልጄ፣ እልል ልል ነበር። “እኔ ነኝ!” አልኩት። “እኔው ነኝ ያምታታሁት! ሰውዬው ምን ያድርግ፣ ያልሆነ ቦታ አስቀምጬበት!” ከመታጠባቸው በፊትስ የሚል ነገር ውስጤ ብቅ ሲል ዝም አሰኘሁት። ያኔ ፍርፋሪው ነበር፣ ከዚያ ዘይቱ ነበር፣ አሁን የእኔ መደባለቅ ነው አልኩ። ሁሉም ምክንያት አገኘ። ቶሎ ቶሎም ከእኔ ጋር እየሳቀ አንድ በአንድ እየነቀለ ወደየቦታቸው መለሳቸው፤ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ወሬ ያምረዋል።

“ጋሼ ግን ምን አድርገውን ነበር መሰለዎት፣ እትዬ” አለ። “እዚያ አረንጓዴው ክፍል ውስጥ። ያንን ጨርቅ አንገታችን ላይ ያስሩብናል፣ ሌላኛውን ጫፍ በጽሕፈት መኪናው ላይ። እጃችን ከሥር ነው፣ አናየውም። ቁልቁል ያየ ሰው አለቀለት! እሳቸውማ ሲያሳዩን ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው፣ ከእኛ ጋር እየተጫወቱ ነበር አንድ ገጽ የሚጨርሱት። አንድ ቀን ተንኮል አስበን፣ የእሳቸውን መኪና ቁልፎች በሙሉ በጥቁር ፕላስተር ሸፈንናቸው። ያውቃሉ መቼ አወቁብን? ከሰዓት በኋላ! እሱንም ጽዳቷ ነግራቸው። ቁልፉ ላይ ምን እንደተጻፈ እኮ ለጋሼ…”

እዚያ ላይ ቆመ። በጣቱ የያዛትን ቁልፍ አየ። እኔም እሷኑ አየሁ።

ያንን ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ታውቂያለሽ። አባትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሱቄ የመጣው ለትምህርት ቤቱ መሸፈኛ ላሰፋ ብሎ ነው። “እጃቸውን እንዳያዩ ነው የምፈልገው” ሲለኝ “ታዲያ ዓይናቸውን ለምን አትሸፍንም፣ ጨርቅ ይቀንስልሃል” አልኩትና በዚያው ተያያዝን። ዕድሜዬን ሁሉ የማውቀውን ነገር ነበር ቶሎ ቶሎ የነገረኝ። አባትሽ ቁልፍ አያይም። ቁልፎቹን በሙሉ ነቅዬ ብጥላቸው እንኳ ጣቱ ቦታውን ያገኛል፤ ያገኝ ነበር።

ቶሎ ቶሎ የቀሩትን ወደየቦታቸው መለሳቸው። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘኝ። “እመጣለሁ፣ አያቸዋለሁ” አለኝ፤ ዓይኔን አላየኝም።

ቤት ስገባ ላፕቶፑን ፊቱ አደረግኩለትና ሥራ ያለኝ መስዬ ከጓዳ በር ተደብቄ አየሁት። ጎንበስ አለ። በአንድ ጣቱ ይፈልጋል። ያገኝና ይጠራጠራል፣ ይተዋታል፣ ሌላ ይፈልጋል። አባትሽ ልጄ! ቁልቁል ያየ ተማሪ ሲያገኝ አገጩን በእስክሪብቶ ቀና የሚያደርገው አባትሽ። ጓዳ ውስጥ ቆሜ ፎጣ አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ለቅሶውን የምጽፍልሽ እንድታለቅሺ አይደለም፤ አንቺ በሩቅ ሆነሽ እኔ ምንም እንዳልመሰለኝ እንዳታስቢ ነው።

ሲወጣልኝ ከቁምሳጥኑ ሥር ከአሮጌ መጋረጃዎች ጋር የቀረችውን አንዷን መሸፈኛ ፈልጌ አወጣሁ። ቡናማዋን፣ በአንገቷ ላይ ጥብጣብ ያላትን። አንገቱ ላይ አሰርኩለት፣ ሌላኛውን ጫፍ በላፕቶፑ ላይ ዘረጋሁት፤ እጆቹ ከሥር ገቡ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ትከሻው ዝቅ አለ፣ ጀርባው ቀና አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጠብ ጠብ ጠብ ጠብ።

የቁልፎቹን ድምፅ ሰምተሽው ቢሆን! ልክ እንደ ድሮው፣ አንድም ሳይደናቀፍ። ዘልዬ ስክሪኑን አየሁት። የመጀመሪያው ቀን መልመጃ ነው። ያቺ የቁልፎቹ መሀለኛ መደዳ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፤ አንቺ ሕፃን ሆነሽ ከክፍሉ ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ እሷን እየሰማሽ የምትተኚባት። መስመር በመስመር፣ ንጹሕ፣ አንዲት ፊደል ሳትሳሳት። ስክሪኑ ሞላ፣ ሌላ ገጽ መጣ። እሱ ወደ መስኮቱ እያየ ፈገግ ይላል። ቆም ሲል ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየኝ፣ “አየሽ?” እንደማለት። ኮርቶ ነበር።

“አየሁ” አልኩት። “ጎበዝ። አሁን ደግሞ ለድምቡሼ ጻፍላት። ምን እንበላት?”

ስምሽን ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደበራ። እጆቹን መልሶ ከጨርቁ ሥር አስገባ። አሰበ፣ ደግሞ አሰበ፤ ከዚያም ጠብ ጠብ ጠብ አለ። ያችኑ መልመጃ ነው የጻፈልሽ። እሁድ የደረሰሽና “አሁን ደግሞ አንድ መደዳ ላይ ተጣብቋል፣ በቃ ሞቷል፣ አዲስ እልካለሁ” ያልሽው እሱ ነው። አልተጣበቀም። አባትሽ በቀረለት ሁሉ ሰላም ሲልሽ ነው።

ሐኪም ቤትም ሄደናል። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ አነጋገሯ ለስላሳ። “ከመቼ ጀምሮ ነው?” ስትለኝ “ኪቦርዱ ከተበላሸ ወዲህ” አልኳት፤ ሌላ አቆጣጠር የለኝም። ሥዕሎች አሳየችኝ፤ ሰዓት ይሣሉ አለችው፣ የዕቃ ስም ጠየቀችው። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እሱ ገፋ አደረገች። “እስኪ የፈለጉትን ዓረፍተ ነገር ይጻፉልኝ።” ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቅኩት። “እሱ በእጁ አይጽፍም!” አልኳት። “የእጅ ጽሑፉ ድሮም አይነበብም፣ በመኪና ብቻ ነው የሚጽፈው።” ሐኪሟ አየችኝና እስክሪብቶውን መልሳ ኪሷ ከተተች። እሱ ወደ ውጭ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ለብቻዬ የነገረችኝን እንዳለ ልንገርሽ። መድኃኒቱ እንዳይፈጥን ያደርግ ይሆናል፣ የሄደውን ግን አይመልስም። ቀስ በቀስ ሌላውም ይከተላል፣ የሰው መልክም ጭምር አለችኝ። መቼ ስላት አላወቀችም፤ ለከርሞስ ያውቀናል ስላትም ቃል አልሰጠችኝም።

ብቻውን ትቼው መውጣት የተውኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ የደረጃው ማጠፊያ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ወደ ትምህርት ቤቱ እየሄደ ነበር መሰለኝ። ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ጠፍቶበታል። ሲያየኝ ግን አወቀኝ፤ ዳቦውን ተቀበለኝ።

እንግዲህ ኮምፒውተሩን አትግዢ። የሚጠገን ቢሆን ኖሮ አንቺ፣ እኔና ቶሎ ቶሎ ጠግነነው ነበር። በስልክ የነገርሽኝን ሁሉ ያደረግኩት፣ ሳደርገውም ደስ ይለኝ የነበረው፣ ገና የሚሞከር ነገር አለ ስለሚያሰኘኝ ነበር። አሁን የሚሞከር የለም። ስለ ዕረፍትሽ ምንም አልልም። ሥራሽን አውቃለሁ፣ አለቃሽንም አውቃለሁ። እኔ የምልሽ ይህን ብቻ ነው፤ ዛሬ ስምሽ ሲጠራ ፊቱ ይበራል። ለከርሞ የሚለውን ቃል ሐኪሟ ፊት ካነሣሁት ወዲህ መልሼ በአፌ ማንሣት አቅቶኛል።

አባትሽ ከእንቅልፉ ተነሥቷል። እየጻፍኩ ሳለ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እጄ ሲሄድ ሲመለስ በዓይኑ ይከተላታል። “ለድምቡሼ ነው” ስለው እጁን ዘረጋልኝ። ያን ቀን ሐኪሟ ፊት እስክሪብቶ ነጥቄዋለሁ፤ ዛሬ ግን አልከለክለውም። ጨርሼ ልሰጠው ነው።

ልጄ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይቅናልሽ። ከክፉ ሰውና ከክፉ በሽታ ይሰውርሽ። የእኔን ጤናና የአባትሽን የድሮ ጣቶች ይስጥሽ። ጠግበሽ ብዪ፣ ሞቆሽ ተኚ። ፖስታውን በመቀስ እንጂ በጥርስሽ እንዳትበጥሺው።

የምትወድሽ እናትሽ

ከዚህ በታች ያለው የአባትሽ ነው። አላገዝኩትም፣ አላረምኩለትምም።

ድምቡሼ ድምቡ ድምቡ መስኮ ድም ቡቡ ቡ ድምቡ

እስክሪብቶው ምንም አልሆነም ልጄ። ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ በእሱ ነው።